ሙዚቃውን ከጣሪያ አውርዳችሁ ለሰዎቹ መልሱልን

ለአረጋውያን መጦሪያ ማዕከላት የበላይ አስተዳደር፣
ለእንክብካቤ ጉዳዮች ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ ከዕለታዊ የእንክብካቤ ዕቅድ የወጣው የሙዚቃ ሰዓት እንዲመለስ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ የመርሳት በሽታ ካለባቸው አረጋውያን ጋር ውለን የምናድር ነርሶች፣ ተንከባካቢዎች፣ የሙዚቃ ሕክምና ባለሙያዎችና አስታማሚ ቤተሰቦች ነን። ለመጻፍ ያነሣሣን በቅርቡ ለየማዕከላቱ ያስተላለፋችሁት መመሪያ ነው። መመሪያው ሙዚቃን «የመዝናኛ ተግባር» ብሎ ከእንክብካቤ ዕቅዱ አወጣው። በሳምንት ሁለት ቀን የነበረው አብሮ የመዝፈን ሰዓት ቀረ። ለእያንዳንዱ ሰው ተለይተው የተዘጋጁት ማጫወቻዎችና የጆሮ ማዳመጫዎች ተሰብስበው ዕቃ ግምጃ ቤት ገቡ። በምትካቸው በሳሎኖቹና በመተላለፊያዎቹ ጣሪያ ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቀለ፤ ከቁርስ እስከ እራት ለሁሉም አንድ ዓይነት ለስላሳ ሙዚቃ ይለቀቃል። የተሰጠን ምክንያት «የሰው ኃይል ለመቆጠብና አገልግሎቱን ለሁሉም በእኩል ለማዳረስ» የሚል ነው።

የተወሰደው ነገርና የተተካው ነገር አንድ አይደሉም። አንድን ሕመምተኛ የራሱን ዘፈን፣ በተመረጠ ሰዓት፣ ለተወሰነ ደቂቃ፣ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ማሰማት የእንክብካቤ ሥራ ነው። ማጉያ ከፍቶ መሄድ ግን ቀድሞውንም ግራ በተጋባ ጭንቅላት ላይ ጫጫታ መጨመር ነው።

ቅሬታችንን ከመዘርዘራችን በፊት ሙዚቃው ለምን እንደሚሠራ ማስረዳት ግድ ይለናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከመርሳት በሽታዎች ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ድርሻ የሚይዘው አልዛይመር ነው። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያጠቃው ሂፖካምፐስንና አካባቢውን፣ ማለትም አዲስ ነገር የሚመዘገብበትን የአንጎል ክፍል ነው። ስለዚህ ሰውየው ቁርስ መብላቱን ይረሳል፤ ሊጠይቀው የመጣው ልጁ ገና ከበር ሳይወጣ መምጣቱን ይረሳል። ዘፈን ግን አንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ነገር አይደለም። ዜማው፣ ግጥሙ፣ ምቱ፣ አፍና ትንፋሽ የለመዱት እንቅስቃሴ፣ ከዘፈኑ ጋር የመጣው ስሜት በተለያዩ የአንጎል ክፍሎች ተከፋፍለው ይኖራሉ።

በ2015 (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ብሬይን» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ከድሮ ጀምሮ የሚታወቁ ዘፈኖች ሲሰሙ የሚነቁትን የአንጎል ክፍሎች በመጀመሪያ በጤነኛ ወጣቶች ላይ ለየ፤ ከዚያ እነዚሁ ክፍሎች በአልዛይመር ሕሙማን ላይ ምን ያህል እንደተጎዱ ተመለከተ። ከሌላው የአንጎል ክፍል ጋር ሲነጻጸሩ ብዙም አልሳሱም፤ ስኳር የመጠቀም ኃይላቸውም ብዙ አልወረደም። ልብ በሉ፣ አሚሎይድ የተባለው የበሽታው ክምችት እዚያም ደርሷል። በሽታው ዘፈኑን አልዘለለውም፤ ጉዳቱ ግን የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። እኛ የምንሠራው በዚህች መዘግየት ውስጥ ነው። መስኮቱ ለዘለዓለም ክፍት አይደለም፤ በመመሪያ ምክንያት የተዘጋ እያንዳንዱ ወር ለአንዳንዱ ሰው የማይመለስ ወር ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዎቻችን እንግባ።

አንደኛው ቅሬታችን ለሁሉም አንድ ሙዚቃ መመረጡ ነው። ከጣሪያው የሚወርደው ቃል የሌለው ለስላሳ ሙዚቃ የተመረጠው «ያረጋጋል» ተብሎ ነው። የሚያረጋጋው ግን ማንን ነው? በ2000 የታተመ አንድ ጥናት የሕመምተኛው የግል ምርጫ የሆነ ሙዚቃንና የተለመደውን «አረጋጊ» ክላሲካል ሙዚቃ በእነዚያው ሕሙማን ላይ በየተራ አወዳድሮ፣ መረበሽን ይበልጥ የቀነሰው የግል ምርጫው መሆኑን አሳይቷል። ምክንያቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አንጎል የሚይዘው ለዚያ ሰው ትርጉም የነበረውን ዜማ ነው፤ ያላደገበት ሙዚቃ ምንም ያህል ቢለሰልስ እንግዳ ድምፅ ነው። የሞዛርት ሙዚቃ አእምሮን ያነቃል የሚለው ወሬም በመመሪያችሁ አባሪ ላይ ስለተጠቀሰ እንናገር፦ ወሬው የተነሣው በ1993 ከታተመ ትንሽ ጥናት ነው፤ ጥናቱ የተደረገው በኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ሲሆን የታየውም ለውጥ ከ15 ደቂቃ ያልዘለለ ነው። ስለ አረጋውያንም ሆነ ስለ አልዛይመር የተናገረው ነገር የለም።

የሚሠራውን ዝርዝር ማዘጋጀት ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ሰዎች በዕድሜያቸው መጨረሻ አጥብቀው የሚያስታውሱት ከ10 እስከ 25 ዓመት ገደማ ሳሉ የሰሙትን ነው። እንግዲህ ዛሬ 82 ዓመት የሆኑ እናት ዘፈናቸው የሚገኘው ከዛሬ 57 እስከ 72 ዓመት በፊት ከነበረው ዘመን ውስጥ ነው። ተንከባካቢው ወጣት ስለሆነ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «የድሮ ዘፈን» ብሎ የሚከፍተው የእናቱን ዘመን እንጂ የእሳቸውን ዘመን አይደለም። ቤተሰብንም «ምን ዓይነት ሙዚቃ ይወዳሉ?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ መልሱ «ሁሉንም» ነው የሚሆነው። እኛ የምንጠይቀው እንዲህ ነው፦ ሥራ ሲሠሩ ምን ያንጎራጉሩ ነበር? ልጅ ሲያስተኙ ምን ይሉ ነበር? በሠርጋቸው ምን ተዘፈነ? በጸሎት ቤት የትኛውን መዝሙር ነበር ከፍ አድርገው የሚሉት? የትኛው ዘፈን ሲከፈት ተነሥተው ይወጡ ነበር? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም አይተናነስም። ከመልሱ ከ10 እስከ 15 ዘፈን ተመርጦ አንድ በአንድ ይፈተናል። አንዱን ከፍቶ ፊታቸውን፣ ጣታቸውንና የእግራቸውን ጫፍ ማየት ነው። መናገር ያቃታቸው ሰው እንኳ ቅንድብ ያነሣሉ፣ በጣታቸው ምቱን ይመታሉ፣ አዝማቹ ሲደርስ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ይህ የታየበት ዘፈን ካርዳቸው ላይ ይጻፋል። ፊታቸው ያልተንቀሳቀሰበት ለሌላ ቀን ይቆያል፤ ፊታቸው የተኮማተረበት በቀይ ተሰምሮበት ዳግመኛ አይከፈትም።

እነዚያ ካርዶች የት እንደደረሱ ዛሬ የሚነግረን አጥተናል። ማጫወቻዎቹ ሲሰበሰቡ አብረው ተወስደዋል። ካርድ ማጣት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በአንዱ ማዕከል አንድ አባት ካርዳቸው ላይ በቀይ የተሰመረበት ዘፈን ነበር፤ ልጃቸው በተቀበረ ዕለት የተዘፈነ ነው። ካርዱ በሌለበት አንድ አዲስ ተንከባካቢ በደግ ልብ፣ የዘመናቸው ዘፈን ነው ብሎ ከፈተላቸው። ሐዘናቸው እንደ ትናንት ሆኖ ተመለሰ። ለምን እንደሚያለቅሱ እሳቸው ራሳቸው መናገር ስላልቻሉ፣ በፈረቃው መዝገብ ላይ የሠፈረው «ያለ ምክንያት አለቀሱ» የሚል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል፤ ዕንባ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ፊታቸው ፈታ ብሎ፣ ትንፋሻቸው ረጋ ብሎ፣ እጅ እየፈለጉ የሚያለቅሱ ሰው ሙዚቃው ደርሶላቸዋል፤ እጃቸውን ይዞ እስኪያልቅ አብሮ መቀመጥ ነው። መንጋጋቸው ተጣብቆ፣ ትንፋሻቸው ፈጥኖ፣ ዓይናቸው በሩን እየፈለገ ከሆነ ግን ወዲያው መዝጋት ያስፈልጋል። ድምፁንም በአንድ ጊዜ ቆርጦ ሳይሆን በጥቂት ሰከንድ ውስጥ እያሳነሱ ነው፤ ድንገተኛ ዝምታም ያስደነግጣል። ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ማጉያ ይህን አያይም።

ሁለተኛው ቅሬታችን ራሱ ማጉያው ነው። በዕድሜ ምክንያት የሚመጣ የመስማት ችግር የሚጀምረው ከቀጫጭን ድምፆች ነው። ቀጭኑ ሲጠፋ ወፍራሙ ብቻ ይቀራል፤ ዜማው ይደበዝዛል፣ ንግግርም ተነባቢዎቹን ያጣና ማጉረምረም ይሆናል። በዚያ ላይ ድምፁ ሲጨመር ጆሯቸው ድንገት ከ«አልሰማም» ወደ «አመመኝ» ይሸጋገራል፤ በመካከል ያለው ምቹ ልክ ጠብቧል። ስለዚህ በሳሎኑ አንድ ጥግ ላይ ላሉት የማይሰማ ድምፅ ማጉያው ሥር ላሉት የሚያም ይሆናል። አልዛይመር ደግሞ የሚፈለገውን ድምፅ ከማይፈለገው የመለየት አቅምን ይጎዳል። ማጉያው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የሳህን ኳኳታውና የተረኞቹ ወሬ አንድ ላይ ሲመጡ ለእኛ «ግርግር» ነው፤ ለእነሱ ግን ማምለጫ የሌለው ነገር ነው። መመሪያው ቴሌቪዥኑ ይዘጋ ስላላለ ሁለቱም አብረው ይሠራሉ።

በአንድ ሳሎን ውስጥ መቀመጫቸው ልክ ከማጉያው ሥር የነበረ አንዲት እናት ለቀናት ጆሯቸውን በመዳፋቸው ይዘው ይወዛወዙ ነበር። መዝገቡ «መረበሽ» አለው፤ ማታ ማታ ማስታገሻ ተጨመረላቸው። አንዲት ተንከባካቢ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ ባዞረች ዕለት እጃቸው ከጆሯቸው ወረደ። ማስታገሻው ግን ከመዝገቡ አልወረደም።

ይህን በዋዛ የምናየው አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2005 የመርሳት በሽታ ላለባቸው አረጋውያን ለባህርይ ችግር የሚሰጡት አዳዲሶቹ አንቲሳይኮቲክ መድኃኒቶች (መረበሽን ለማስታገስም የሚሰጡ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች) የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በ2008 ማስጠንቀቂያውን ወደ ነባሮቹም አሰፋው። ለማስጠንቀቂያው መነሻ በሆኑት፣ በተለምዶ 10 ሳምንት በሚቆዩት ሙከራዎች መድኃኒቱን ከወሰዱት 4.5 በመቶ ገደማ ሲሞቱ፣ ማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት የሞቱት 2.6 በመቶ ገደማ ናቸው። መድኃኒቱ ጨርሶ አይሰጥ አንልም፤ አስፈላጊ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ ውሳኔውም የሐኪም ነው። ነገር ግን ማጉያ የሚያመጣውን መረበሽ በክኒን ማስታገስ ከሁለት በኩል መጉዳት ነው።

ሦስተኛው የጠዋት እንክብካቤን ይመለከታል፤ ከሁሉም በላይ የጎዳን ይህ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርገን እንጽፈዋለን። መመሪያው «በሥራ ሰዓት ተንከባካቢዎች ከመዝፈን እንዲቆጠቡ» ይላል። ይህ መስመር እንዴት እንደገባ አናውቅም፤ ምናልባት ሥርዓት ለማስከበር ይሆናል። በስዊድን የተደረጉ ጥናቶች ግን ተንከባካቢው በጠዋት ማጠብና ማልበስ ጊዜ ሲዘፍን የቃል ትእዛዝ እንደሚቀንስ፣ ሕመምተኛውም የሚደረገውን ይበልጥ እንደሚረዳ አሳይተዋል። በሥራ ላይ የሚታየውም ይኸው ነው።

ገላ መታጠብን የሚጠሉ አንዲት እናትን አስቡ። ለእሳቸው መታጠብ ማለት የማያውቁት ሰው መጥቶ ልብስ የሚያስወልቅበት፣ የሚበርድ፣ ውኃ የሚጮኽበት ክፍል ነው። «እጅዎን ያንሡ፣ አሁን ይዙሩ፣ ቁጭ ይበሉ» ሲባሉ ሦስተኛው ትእዛዝ ሲመጣ የመጀመሪያው ጠፍቷል። የለመደች ተንከባካቢ ግን ውኃውን አስቀድማ ትሞላለች፤ እሳቸው ባሉበት አትከፍተውም፣ የሚወርደው ውኃ ድምፅ ዜማውን ይውጠዋልና። ከበሩ ውጪ ሳለች ማንጎራጎር ትጀምራለች፤ ስትገባ እንግዳ ሆና አትገባም። ከፊት ለፊታቸው ዝቅ ብላ ዓይናቸውን ታገኛለች። ዘፈኑ የእሳቸው ነው፤ ፍጥነቱን ግን በእሳቸው ትንፋሽ ልክ ታደርገዋለች፣ ከተለመደው ፍጥነት ቀስ ይላል። የመጀመሪያው አዝማች እስኪያልቅ አትነካቸውም። ከዚያ የሞቀውን ጨርቅ በእጃቸው ታስይዛቸዋለች። ከእግር ትጀምራለች፣ ወደ እጅ ትሄዳለች፤ ፊትና ፀጉር መጨረሻ ነው፣ ምክንያቱም ውኃ ፊት ሲነካ ነው ብዙው ሰው የሚደነግጠው። የሚታጠበው አካል ብቻ ይገለጣል፤ ሌላው በፎጣ እንደተሸፈነ ነው። ከስንኙ የመጨረሻውን ቃል ትተውላቸዋለች፤ እሳቸው ከሞሉት ሥራው ይቀጥላል። መሙላት ካቆሙ እጇም ይቆማል። ያ ዝምታ «በቃኝ» ወይም «አመመኝ» ማለት ሊሆን ይችላል።

የሚበላሸውም በታወቀ መንገድ ነው። እየዘፈነች በመካከል ትእዛዝ የምትናገር ከሆነ ሁለት የቃል ጅረት ይጋጫል፤ ወይ ዘፈን ወይ ንግግር፣ አንዱን መምረጥ አለባት። ሁለተኛ ሰው ገብቶ ከእሷ ጋር ወሬ ከጀመረ ዘፈኑ ሞተ። በቅጂ የሚሰማ ሙዚቃ በሰው ድምፅ ምትክ ከተከፈተ ፍጥነቱን ከእሳቸው ጋር ማስማማት አይቻልም። ድምፄ አያምርም ብሎ የሚያፍር ሰውም አለ፤ ለዚህ ሥራ የድምፅ ማማር አያስፈልግም።

አሁን በመመሪያው መሠረት ዝም ብለን ስንሠራ አንድ ሰው ይበቃው የነበረ ማጠብ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ይዞ፣ አንዱ አጥቦ። «የሰው ኃይል ቁጠባ» የተባለው እዚህ ላይ የት እንዳለ ብታሳዩን ደስ ይለናል።

አራተኛው ስለ ጆሮ ማዳመጫዎቹ ነው። የተሰበሰቡት «ለንጽሕና አይመቹም፣ ይጠፋሉ» ተብሎ ነው። ንጽሕናው ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በኋላ ሽፋኑን በአልኮል ጨርቅ በመጥረግና ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን በመመደብ ይፈታል። መጥፋቱም በስም ጽሑፍና በአንድ መሳቢያ ይፈታል። እውነተኞቹ ችግሮች ሌላ ናቸው፤ መፍትሔያቸውንም እናውቃለን። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ዓይነት አይሆንም፤ ይወድቃል፣ ያሳክካል፣ አፍ ውስጥም ሊገባ ይችላል። ጆሮን ከውጭ የሚሸፍነው ሰፊና ቀላል ዓይነት ነው የሚሻለው። የመስሚያ መሣሪያ ያላቸው ሰዎች ላይ ሲደረግ ያፏጫል፤ የመሣሪያው ድምፅ ተመልሶ ወደ ራሱ ማይክሮፎን ስለሚገባ ነው። ያን ጊዜ ወይ ጥልቀት ያለው ሰፊ ሽፋን ይመረጣል፣ ወይ አንድ ሜትር ርቀት ላይ ትንሽ ማጉያ ይቀመጣል። ጨርሶ ያልሰራላቸው ሰው ሲያጋጥም ደግሞ «ሙዚቃ አይወዱም» ከማለት በፊት ጆሯቸውን ማየት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የደረቀ ኩክ ነው። በሽቦ የሚሠራው ሽቦ አንገት ላይ እንዳይጠመጠም በጀርባ ይወርዳል፣ ሰውም ብቻውን አይተውም።

ስለ ድምፁ መጠንም እንበል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚያስቀምጠው ገደብ በሳምንት ለ40 ሰዓት 80 ዴሲቤል ነው፤ እኛ ከዚያ በታች እንቆያለን። ማጫወቻው ላይ የድምፁ ከፍተኛ ልክ ይቆለፋል። ክንድ ርቀት ላይ የቆመ ሰው ግጥሙን መስማት ከቻለ በዝቷል። ሌላም የማይታሰብ ጉዳት አለ፦ ከኢንተርኔት የሚከፈት ሙዚቃ በዘፈን መካከል ማስታወቂያ ያስገባል። ከሠርጋቸው ዘፈን ቀጥሎ የሚጮኽ የማያውቁት ሰው ድምፅ በጆሯቸው ውስጥ ሲፈነዳ፣ ያን ማዳመጫ ዳግመኛ አያደርጉም። ስለዚህ ዘፈኖቹ ማጫወቻው ላይ ተጭነው ነው መቀመጥ ያለባቸው፤ ተራቸውም መቀላቀል የለበትም።

ሰዓቱም ከዘፈኑ እኩል ዋጋ አለው። ብዙዎቹ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይጨነቃሉ፣ «ቤቴ ልሂድ» ይላሉ። ጭንቀቱ በየቀኑ ወደ 11 ሰዓት የሚነሣባቸው ሰው ሙዚቃቸው በ10 ሰዓት ተኩል ይጀመራል፤ ከተነሣ በኋላ መክፈት እሳት ከተያያዘ በኋላ ውኃ እንደመፈለግ ነው። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል። በደቂቃ ከ60 እስከ 80 ምት ያለው ያረጋጋል፤ ከ100 በላይ ያለው ለፈዘዙት ሰዎች ከምግብና ከእግር ጉዞ በፊት ያነቃል። ፈጣኑን ማታ የከፈተ ሰው ሌሊቱን ሲያድር ያየዋል። ቀኑን ሙሉ የሚሰማ ሙዚቃ ግን ወይ ይለመድና ከግድግዳ ቀለም አይለይም፣ ወይ ይሰለችና ያስቆጣል።

አምስተኛ፣ አብሮ የመዝፈን ሰዓቱ። በፊንላንድ በ2014 የታተመ ጥናት 89 የሕመምተኛና የተንከባካቢ ጥንዶችን ለ10 ሳምንት ተከታትሎ፣ መዝፈንም ማዳመጥም ከተለመደው እንክብካቤ ይልቅ ስሜትን እንዳሻሻሉ አሳይቷል፤ መዝፈኑ ለተንከባካቢዎቹም ጠቅሟል። በአውስትራሊያ መጦሪያዎች ተደርጎ በ2022 የታተመው ጥናት ደግሞ የቡድን ዝማሬ የድብርት ምልክቶችን እንደሚቀንስ አግኝቷል። የእኛ ሰዓት የተዘጋው «የሚመጡት ጥቂት ናቸው» ተብሎ ነው። ጥቂት መሆናቸው በዕቅድ ነበር፤ ከ6 እስከ 8 ሰው ነው የሚመቸው፣ ከዚያ ሲበዛ ድምፁ ይደበላለቃል። ወንበሩ በክብ ይደረደራል፣ ዜማው ከተቀዳበት 2 ወይም 3 ግማሽ ድምፅ (የዜማ ቅጥነት እርከን) ዝቅ ይላል፣ ምክንያቱም ያረጀ ጉሮሮ ከፍታው ላይ አይደርስም፤ መድረስ ያቃተው ሰው ደግሞ ዝም ይላል፣ ዝምታውም «ረሳ» ተብሎ ይተረጎማል። ከዚህ ቡድን ውስጥ የልጃቸውን ስም መጥራት ያቃታቸው፣ ግን ሌሎቹ ዋናውን ዜማ ሲይዙ ሁለተኛውን ድምፅ ሳይሳሳቱ የሚይዙ አባት ነበሩ። ልጃቸው በየሳምንቱ የሚመጣው ለዚያ ሰዓት ነበር። አሁን የሚመጣው በወር አንድ ጊዜ ነው፤ መጥቶ አብሮ የሚያደርገው ነገር የለም።

ሙዚቃን ከአቅሙ በላይ አድርገን ልናቀርብላችሁ አንፈልግም። አልዛይመርን አያድንም፤ የጠፋውን ማስታወስም አይመልስም። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2018 ጥናቶቹን ሲመዝን ቢያንስ 5 ጊዜ የተሰጠ የሙዚቃ ሕክምና የድብርት ምልክቶችንና አጠቃላይ የባህርይ ችግሮችን ሳይቀንስ እንደማይቀር፣ በማስታወስና በማሰብ ችሎታ እንዲሁም በመረበሽ ላይ ግን የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ወይም ምንም እንደሆነ ደምድሟል። ሕክምናው ካበቃ ከሳምንታት በኋላ ስለሚቀረው ጥቅምም ማስረጃው ደካማ ነው። ስለዚህ ሙዚቃ እንደ ምግብ በየጊዜው የሚሰጥ እንጂ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ አይደለም። በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካነማብ የተባለው መድኃኒትም የበሽታውን ፍጥነት በመጠኑ የሚቀንሰው ገና በጅምር ላይ ላሉት ነው። በየማዕከላቱ ያሉት አብዛኞቹ ያን ደረጃ አልፈዋል። ለእነሱ የቀረው ሕክምና በደንብ የተሠራ እንክብካቤ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

«በሥራ ሰዓት ከመዝፈን ይቆጠቡ» የሚለው መስመር ዛሬውኑ ይሻር፤ ይህ በጀትም ስብሰባም አይጠይቅም። የተሰበሰቡት ማጫወቻዎች፣ ማዳመጫዎችና በተለይም የዘፈን ካርዶቹ ተፈልገው በ15 ቀን ውስጥ ለየባለቤቶቻቸው ይመለሱ። ካርዶቹ ከጠፉ ይነገረን፤ ቤተሰብ በሕይወት ሳለ እንደገና እንጠይቃለን።

የጣሪያ ማጉያዎቹ ለአደጋ ማስታወቂያ ብቻ ይዋሉ። ሳሎን ውስጥ ሙዚቃ ሲከፈት ቴሌቪዥኑ ይዘጋ፤ በምግብ ሰዓትም ሁለቱ በአንድ ላይ አይሠሩ።

ሙዚቃ ወደ ግለሰብ የእንክብካቤ ዕቅድ ይመለስ፤ ዘፈኑ፣ ሰዓቱ፣ ደቂቃው፣ የታየው ምላሽና የተከለከለው ዘፈን እንደ መድኃኒት በፈረቃ ርክክብ ላይ ይነገር። አብሮ የመዝፈን ሰዓቱ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለ45 ደቂቃ፣ ከ8 ባልበለጠ ሰው ይቀጥል፤ የቤተሰብ አባል የመግባት መብት ይኑረው።

ለመረበሽ ማስታገሻ የተጀመረላቸው ሰዎች ሁሉ፣ በተለይ ማጉያው ከተሰቀለ ወዲህ የተጀመረላቸው፣ በሐኪም እንደገና ይታዩ። ከዚያ በፊት ጆሯቸው ይመርመር፣ መቀመጫቸውም ይታይ።

በመጨረሻም መመሪያው ሲሻሻል ከፈረቃ ሠራተኞችና ከአስታማሚ ቤተሰቦች ቢያንስ ሁለት ሁለት ሰው በረቂቁ ላይ ይቀመጥ። ለአዲስ ተንከባካቢዎች ከላይ የጻፍነውን የማጠብ ሥርዓት በአንድ ግማሽ ቀን ለማሠልጠን ፈቃደኞች ነን፤ ክፍያ አንጠይቅም፣ ሰዓቱ ብቻ ይፈቀድልን። መልሳችሁን በጽሑፍ እንድትሰጡን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የመርሳት በሽታ ክፍል የቀንና የሌሊት ፈረቃ ነርሶችና ተንከባካቢዎች
የሙዚቃ ሕክምና ባለሙያዎች
የአስታማሚ ቤተሰቦች ተወካዮች